አሮጌ ቮልስዋገን ገዝቶ በቤት ስለ መጠገን

በአዲስ አበባ ጎዳና ዳር ቆሞ የሚያልፉትን ተሽከርካሪዎች ለጥቂት ጊዜ የሚመለከት ሰው፣ ጀርባዋ የጎበጠ፣ ክብ ክብ መብራቶች ያሏት፣ ድምፅዋም ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ የሚሰማ አንዲት ትንሽ መኪና ማየቱ አይቀርም። ስሟ ቮልስዋገን ነው፤ ሕዝቡ ግን አሳጥሮ ቮልስ ይላታል። የዚህች ዓይነት መኪና የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ በአገራችን መንገዶች ከሚታዩት ብዙዎቹ ከዚያ ሠላሳና አርባ ዓመት ቀድመው የተሠሩ ናቸው። የዛሬ ተማሪ አባት ሳይወለድ የተሠራች መኪና ዛሬም ዳገት ትወጣለች ማለት ነው።

ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ መኪና ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ ከመምህር፣ ከነርስ ወይም ከጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ደመወዝ ጋር የሚመጣጠን አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። ስለሆነም በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይኖራል። ይሁን እንጂ አሮጌ መኪና የሚገዛው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ ከሻጩ፣ ሁለተኛ ጊዜ ከመለዋወጫ ሱቅና ከጋራዥ። ገዢው የሚከራከረው በመጀመሪያው ዋጋ ላይ ነው፤ የሚጎዳው ግን በሁለተኛው ነው። የቤተሰቡን ተቀማጭ ገንዘብ በመጀመሪያው ዋጋ የጨረሰ ሰው፣ መኪናዋ በደጁ ቆማ በጎማዋ ሥር ሣር ሲበቅል ለማየት ይገደዳል። ሁለተኛውን ዋጋ ዝቅ ማድረግ የሚቻለው አይቶ በመግዛትና የሚቻለውን ያህል በራስ እጅ በመሥራት ነው። በዚህ ጽሑፍ በግዢ ጊዜ ምን መታየት እንዳለበት፣ ከግዢም በኋላ የትኛው ሥራ ከየትኛው መቅደም እንደሚገባው እናስረዳለን።

ቮልስዋገን ማለት በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በናዚ መንግሥት ትእዛዝ ንድፏን ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሽ የተባለ መሐንዲስ ነበር። ለሕዝብ በብዛት መሠራት የጀመረችው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ በዎልፍስቡርግ ፋብሪካ ነው። ምርቷ እስከ ተቋረጠ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል።

ከዚህች ትሑት መኪና አንድ ዝነኛ የስፖርት መኪና መወለዱን ብዙ ሰው አያውቅም። የመሐንዲሱ ልጅ ፌሪ ፖርሽ በኦስትሪያ፣ ግሙንድ በተባለች ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያዋን ፖርሽ 356 ሲያሠራ፣ ሞተሯንና ብዙ ሌሎች ክፍሎቿን የወሰደው ከቮልስዋገን ነበር። ሞተሯ ተሻሽሎ እንኳ ወደ 35 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 የተሠራችው ካርማን ጊያ ደግሞ መልኳ የጣሊያን የስፖርት መኪና፣ ወለሏና ሞተሯ ግን የቮልስ ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ወጣቶች ቮልሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰፊ ጎማ አልብሰው፣ ማርሚታዋን አስጩኸው እንደ ስፖርት መኪና ሲነዷት መታየታቸው ጨርሶ መሠረት የሌለው ነገር አይደለም። ነገር ግን የ1200ው ሞተር ጉልበት 34 ፈረስ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፣ አየሩም በዚያው መጠን ስለሚሳሳ፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው ኦክስጅን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ከ34ቱ ፈረሶች ዘጠኝ ያህሉ ገና ከጋጣ ሳይወጡ ቀሩ ማለት ነው።

ቮልስን በቤት ለመጠገን የተመቸች ያደረጋት አሠራሯ ነው። ሞተሯ ከኋላ ተቀምጦ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎኖች ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ሰዎች ክሪክና ጥቂት ቁልፎች ይዘው በአንድ ቀን አውርደው ሊመልሱት ይችላሉ። አካሏም ከወለሏ ጋር በብሎን የታሰረ እንጂ የተበየደ አይደለም። ከሁሉም ይልቅ ግን ከሌሎች መኪናዎች የምትለየው በማቀዝቀዣዋ ነው። በብዙዎቹ መኪናዎች ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ከራዲያተሩ የሚመላለስ ውሃ ነው። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሙቀቱን የሚያስወግደው ነፋስ ነው። በሞተሩ ላይ የቆመው ማራገቢያ ከውጭ አየር እየሳበ፣ በአራቱ ሲሊንደሮች ዙሪያ በተሠሩት ስስ የብረት ክንፎች መካከል ይነዳዋል። ማራገቢያው ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ የተተከለ ስለሆነ ሁለቱንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ዲናሞው ኤሌክትሪክ ማመንጨቱን ያቆማል፤ በሾፌሩ ፊት ያለችው ቀይ መብራትም ትበራለች። በሌላ መኪና ይህች መብራት ስትበራ በባትሪው ኃይል እስከ ጋራዥ መሄድ ይቻል ይሆናል። በቮልስ ግን ቀይ መብራት በራች ማለት ነፋሱ ቆመ ማለት ነው። ያን ጊዜውኑ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ይገባል፤ «ጥቂት ልሂድ» ያለ ሰው በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ሞተሩን ያቃጥላል።

ሞተሩን ከላይና ከታች የከበቡት ስስ ላሜራዎችም ያለ ሥራ የተቀመጡ አይደሉም። ከታች የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይገባ የሚከለክሉት እነርሱ ናቸው። አንዳንድ ጠጋኞች ሞተር ካወረዱ በኋላ እነዚህን ላሜራዎች «ትርፍ» ብለው ይጥሏቸዋል። መኪናዋ ትነሣለች፣ ትሄዳለችም፤ ነገር ግን የተነፈሰችውን አየር መልሳ እየተነፈሰች ከቀን ወደ ቀን ትጎዳለች። ኮፈኖውን ሲከፍት በሞተሩ ዙሪያ መሬት የሚያይ ገዢ፣ ላሜራዎቹ ጠፍተዋልና ዋጋ እንዲቀነስለት መጠየቅ ይችላል።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። መኪና መታየት ያለበት በቀን ብርሃን፣ በደረቅ መሬት ላይና ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ፣ ያሞቀበትን ምክንያት መጠየቅ ነውር አይደለም። አብዛኛው ገዢ መጀመሪያ ኮፈኖውን ያስከፍታል፤ ይህ ስሕተት ነው። ሞተር ሊለወጥ የሚችል ዕቃ ነው፤ የበሰበሰ ወለል ግን መኪናይቱን ራሷን አልቃለች ያሰኛል። ስለዚህ ምርመራው ከታች ወደ ላይ መሄድ አለበት። ከመኪናዋ ሥር ጋዜጣ አንጥፎ መተኛት፣ ከዚያም ወለሉን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ እያሉ መቆርቆር ይገባል። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የዛገ ብረት ድምፁ እንደ ካርቶን የታፈነ ነው።

ከሁሉም የሚያሠጋው ቦታ ከበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጋው፣ ባለ ክፍት ሆድ የብረት ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን ሁለት ሥራ አለው። በአንድ በኩል ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ተሳፋሪዎቹ እግር ያደርሳል፤ በሌላ በኩል የአካሉን ሁለት ጎን የሚሸከም አጥንት ነው። ሆዱ ክፍት ስለሆነ አቧራና ውሃ ይሰበሰብበታል፤ ዝገቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚመጣ ቀዳዳ በታየ ጊዜ ጉዳቱ ዱሮ አልቋል። ለመመርመር የሚረዳ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። በሮቹ ተዘግተው ሳለ በበሩና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት ማየት፣ ከዚያም መኪናዋን በአንድ ጎን በክሪክ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያንኑ ክፍተት እንደገና ማየት ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ወይም በሩ አልከፈት ካለ፣ አጥንቱ ደክሟል። ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የሚቀመጥበትንም ቦታ ማየት አይረሳም፤ ከባትሪው የሚፈሰው አሲድ ወለሉን ይበላዋል።

ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናል። ሠዓሊ ሸራውን እንደሚያዘጋጅ፣ ሻጭም የተበሳውን ላሜራ በስቱኮ ሞልቶ፣ አሽቶ፣ ቀለም ይቀባዋል። ለዚህ የሚበጀው መሣሪያ ትንሽ ማግኔት ነው። ማግኔት ብረት ይይዛል፤ ስቱኮ ግን አይይዝም። በጨርቅ ጠቅልሎ በፓራፋንጎውና በበሮቹ የታችኛ ጠርዝ ላይ ሲያንሸራትቱት የማይጣበቅበት ቦታ ሁሉ የስቱኮ ቦታ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የመጀመሪያ ቮልሱን የገዛው በሰማያዊ ቀለሟ ተማርኮ ነበር። ሻጩ በሮቹን ከፍቶ አዲስ የወንበር ልብሷን አሳየ፤ አዲስ ምንጣፍም ነበራት፤ ምንጣፉን ግን ገዢም ሻጭም አላነሣውም። ክረምት ገብቶ አንድ ቀን አክስቱን ከቤተ ክርስቲያን ሲመልስ፣ መኪናዋ በመንገድ ላይ የተኛውን ውሃ ስትሰነጥቅ ከኋላ ዝምታ ሆነ። ከዚያም አክስቱ ጫማቸውን አውልቀው ውሃውን እያፈሰሱ፣ «ልጄ፣ ይህች መኪናህ ከታች ክፍት ናት እንዴ?» አሉት። ምንጣፉ ሲገለጥ ወለሉ በሬንጅ የተለበጠ ካርቶን ሆኖ ተገኘ። ለብየዳው የወጣው ገንዘብ የመኪናዋን ዋጋ ግማሽ አለፈ። በጥፋቱ ሻጩን ብቻ መክሰስ አይቻልም፤ ምንጣፍ ማንሣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበርና።

ወለሉ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ወደ ሞተሩ መሄድ ይቻላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ታችኛውን ፑሌጃ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ራስና ወደ ፊት መግፋትና መሳብ አንድ ትልቅ ምርመራ ነው። ፑሌጃው የተተከለው በሞተሩ ዋና ዘንግ፣ መካኒኮች ኮሎ በሚሉት ላይ ነው። ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲንቀሳቀስ የተፈቀደለት ክፍተት ቢበዛ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይኸውም በእጅ ሊሰማ የማይችል ያህል ጥቂት ነው። «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማ፣ ገዢው የሞተሩን ሙሉ እድሳት ዋጋ በልቡ ደምሮ መከራከር አለበት። ከዚያ ሞተሩ ይነሣ። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ቢወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁር ጭስ ቢወጣ ቤንዚን በዝቷል፤ ይህኛው በካርቡራተር ማስተካከል ሊድን ይችላል። በመጨረሻም በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሞተርና የሻንሲ ቁጥሮች በመኪናዋ ላይ ከተመቱት ጋር አንድ በአንድ መመሳከር ይኖርባቸዋል። ቁጥሩ ያልተስማማ መኪና ምንም ቢረክስ አይገዛም።

እዚህ ላይ ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ማንሣት ለቋንቋ ተማሪ ይጠቅማል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ክሪክ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የመኪና ጥገና ሙያ ከስሞቹ ጋር አብሮ ስለ ገባ፣ ዕቃው ከጀርመን ቢመጣም ስሙ የጣሊያን ሆኖ ቀርቷል። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ዕቃ ሊገዛ የሚሄድ ሰው «ሻማ» ብሎ ቢጠይቅ ሌላ ዕቃ ያስቡለታል፤ «ካንዴላ» ሲል ግን ወዲያው ይግባቡታል። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት መሆኑን ግን ሻጩም ገዢውም ላያስታውሱት ይችላሉ።

መኪናዋ ከቤት ከደረሰች በኋላ የሚመጣው ፈተና ትዕግሥት ነው። አዲስ ባለቤት መጀመሪያ ሬዲዮ መግጠም፣ ቀጥሎ ቀለም ማስቀባት ያምረዋል። ቅደም ተከተሉ ግን እንደሚከተለው ነው፤ በመጀመሪያ የሚያቆማት፣ ቀጥሎ የሚያቃጥላት፣ ከዚያ የሚያስኬዳት፣ በመጨረሻ የሚያሳምራት። የሚያቆማት ፍሬን ነው፤ የሚያቃጥላት የቤንዚን ጎማና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው።

ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስለ ክሪክ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታ ነው። ክሪክ የሚሠራው መኪናን ለማንሣት ነው እንጂ ለመሸከም አይደለም። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር የተኛ ሰው ሕይወቱን በአንድ ጥርስ ላይ አንጠልጥሏል። በቮልስ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው፤ ክሪኩ የሚገባበት ቀዳዳ የተበየደው ቀደም ብለን በገለጽነው በሚዝገው የጎን አጥንት ላይ ነውና። ክሪኩ ሳይንሸራተት፣ የያዘው ብረት ራሱ ተገንጥሎ ሊወድቅ ይችላል። ስለሆነም መኪናዋ በጠፍጣፋ መሬት ላይ ትቁም፤ በመሬት የቀሩት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፤ ከተነሣችም በኋላ በብረት ድጋፍ ወይም በወፍራም የግንድ ቁራጭ ላይ ትረፍ። የተደራረበ ብሎኬት ድጋፍ አይደለም፤ ሳይታሰብ ይፈረካከሳል። ከሥሯ ከመግባት በፊት በእጅ ገፍቶ መነቅነቅና አለመንቀሳቀሷን ማረጋገጥ ይገባል።

የቮልስ ፍሬን በብዙዎቹ በአራቱም ጎማ ታምቡር ነው። ሾፌሩ ሲረግጥ ፈሳሹ በቱቦዎች ተገፍቶ በየጎማው ያለውን ትንሽ ፓምፕ ይነዳል፤ ፓምፑም የፍሬኑን ሸራ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል። በአሮጌዎቹ ቮልሶች የአራቱም ጎማ መስመር አንድ ስለሆነ፣ ከአንዱ ጎማ ፈሳሽ ከፈሰሰ አራቱም ፍሬኖች ይጠፋሉ። የፍሬን ፈሳሽ ሌላም ጠባይ አለው፤ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ውሃ የጠጣ ፈሳሽ በረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፤ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሞላል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ፈሳሽ ስለማይገፋ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወስደው መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ፈሳሹ ስንት ዓመት እንደ ቆየ የማያውቅ ሾፌር ይህን የሚማርበት ቦታ እዚያ መሆን የለበትም። ስለዚህ አሮጌው ፈሳሽ በሙሉ ተጠርጎ ይወጣል፤ የጎማ ቱቦዎቹ ውጫቸው ቢያምርም ውስጣቸው ስለሚያብጥ ይለወጣሉ፤ ፓምፖቹ ላስቲካቸው ተገልጦ ይታያል።

የኋላውን ታምቡር ለማውጣት 36 ሚሊ ሜትር ቁልፍ የሚፈልገውን ትልቅ ዳዶ መፍታት ያስፈልጋል። ይህ ዳዶ የሚጠብቀው ወደ 300 ኒውተን ሜትር በሚጠጋ የማዞር ኃይል ነው። በፊዚክስ ትምህርት የተማርነው ዘንግ እዚህ ይረዳል። ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው መሬትን የሚጫነው በ588 ኒውተን ነው። ይህ ሰው ከዳዶው መሐል ግማሽ ሜትር በሚርቅ የቱቦ ጫፍ ላይ ቢቆም፣ 588 በ0.5 ሲባዛ 294 ኒውተን ሜትር ይሆናል። መለኪያ የሌለው ጋራዥ ክብደቱን በሚያውቅ ሰው ሊተካ ይችላል ማለት ነው። ዳዶው የሚፈታውም የሚጠብቀውም መኪናዋ በጎማዎቿ መሬት ላይ ቆማ እንጂ በድጋፍ ላይ ሳለች መሆን የለበትም፤ በዚያ ጉልበት ልትወድቅ ትችላለችና። ከጠበቀ በኋላ መቆለፊያው ሽቦ ካልገባ ጎማው በመንገድ ላይ ባለቤቱን ቀድሞ ሊሄድ ይችላል።

ስለ እሳት የሚነገረው አጭር ነው፤ ነገር ግን ቸል የሚባል አይደለም። የቤንዚኑ ሰልባትዮ ከፊት ስለሆነ ቤንዚኑ በቱቦ እስከ ኋላ ተጉዞ በአጫጭር የላስቲክ ጎማዎች ወደ ሞተሩ ይገባል። እነዚህ ጎማዎች ከሙቀት የተነሣ ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፤ ቤንዚኑም በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። የሞተሩ አካል ማግኒዝየም የተቀላቀለበት ብረት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ በነጭ ነበልባል ይነዳል፤ ውሃ ሲጨመርበትም ይብሳል። የጎማዎቹ ዋጋ ግን ከጥቂት ሊትር ቤንዚን አይበልጥም። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ባትሪም ክዳን ያስፈልገዋል። ከባድ ሰዎች ከኋላ ሲቀመጡ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ፣ በወንበሩ ውስጥ ያለውን ጭድ መሰል ሙሊት ሊያቀጣጥል ይችላል። እንደዚሁም የማሞቂያው አየር በጭስ ማውጫው አካባቢ ስለሚያልፍ፣ ቧንቧው ከተበሳ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ይቀመጣል። በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ሞተር ማስነሣት ክልክል ነው።

ከዚህ በኋላ ሞተሩን ማስተካከል ይቻላል። ባለቤቱ በራሱ እጅ ሊሠራው ከሚችለው ሁሉ ዋነኛው የቫልቮችን ክፍተት ማስተካከል ነው። ቫልቭ በሲሊንደሩ አናት የሚከፈትና የሚዘጋ በር ነው። በሚገፋው ክንድና በቫልቩ ጫፍ መካከል፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። በጊዜ ብዛት ይህ ክፍተት ይጠባል። ጨርሶ ከጠፋ ቫልቩ በሚገባ አይዘጋም፤ ሙቀቱንም ለቴስታታው ሊያስረክብ ስለማይችል ይቃጠላል፣ አንዳንዴም ተቆርጦ ፒስተኑን ይበሳል። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ የዘይቱ ማቀዝቀዣ በነፋሱ መንገድ ላይ ከፊቱ ቆሞ ስለሚጋርደው የሚደርሰው አየር የሞቀ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ሞተሩ ሌሊቱን ይቀዘቅዛል። ጠዋት ፑሌጃው በቁልፍ እየዞረ የመጀመሪያው ሲሊንደር ፒስተን ከጫፍ እንዲደርስ፣ ሁለቱም ቫልቮቹ እንዲዘጉ ይደረጋል። ስስ የብረት ቅጠሎች ካሉት መለኪያ 0.15 የሚለው ተመርጦ በክፍተቱ ይገባል። ቅጠሉ ሳይላላ፣ ሳይታነቅም፣ እየታሸ መውጣት አለበት። ካልሆነ ዳዶው ተላልቶ ብሎኑ ይስተካከላል። ከዚያ ፑሌጃው ወደ ኋላ በግማሽ ዙር ይመለሳል፤ ሁለተኛው ሲሊንደር ተራው ይደርሳል፤ ሌላ ግማሽ ዙር ሦስተኛውን፣ ሌላ ግማሽ ዙር አራተኛውን ያመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራው ሰው ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ በሦስተኛው ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በሞቀ ሞተር ላይ የጀመረ ሰው የተሳሳተ ልክ ይዞ እንደገና ይጀምራል።

የቀሩት ሥራዎች ቀላል ናቸው። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ይደረጋል፤ ካንዴላዎቹ ይጸዳሉ ወይም ይለወጣሉ። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት ከአንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ ብሎ እንዲገባ ይወጠራል። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ይለወጣል፤ ብዙዎቹ ሞተሮች የወረቀት ማጣሪያ ስለሌላቸው፣ ከታች ያለው የሽቦ ወንፊት ወጥቶ በቤንዚን ይታጠባል። በወንፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ዱቄት ቢታይ ሞተሩ ውስጥ የሚበላ ነገር አለ። ብየዳና የመሪውን ክፍሎች መለወጥ ግን ሙያና መሣሪያ ስለሚጠይቁ ለባለሙያ ይሰጣሉ፤ ባለቤቱ በጎን ቆሞ ቢያይ ይማርበታል። ለሁሉም አንድ ደብተር ይያዝ፤ የተገዛው ዕቃ፣ ዋጋውና የተገጠመበት ቀን ይጻፍበት። መኪናዋ በኋላ ስትሸጥ ከአዲስ ቀለም ይልቅ ይህ ደብተር ያስተማምናል።

የመጀመሪያው ጉዞ ሰው በማይበዛበት ሜዳማ መንገድ፣ በዝግታ፣ ፍሬኑን ደጋግሞ በመሞከር ይደረጋል። 500 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ዘይቱ እንደገና ይለወጣል፤ ቫልቮቹ እንደገና ይለካሉ፤ የጎማ ብሎኖችም ይጠበቃሉ። ማታ ማታ ከሞተሩ ሥር ጋዜጣ አንጥፎ ማሳደር፣ ጠዋት የሚንጠባጠበውን ለማወቅ ይረዳል፤ ቡናማው ዘይት ነው፣ ከጎማዎቹ አጠገብ የሚታየው ጥርት ያለው የፍሬን ፈሳሽ ነው።

ሰማያዊዋ ቮልስ ወለሏ ተበይዶ፣ ፍሬኗ ታድሶ ከሦስት ወር በኋላ መንገድ ወጣች። አክስቲቱም በቀጣዩ ክረምት እንደገና ተጋበዙ። ከመግባታቸው በፊት ጎንበስ ብለው ምንጣፉን ገለጡ፤ ብረቱን በጃንጥላቸው ጫፍ ሁለት ጊዜ ቆረቆሩ፤ ድምፁንም ካዳመጡ በኋላ ገብተው ተቀመጡ።